ያልተገለበጠች መኪና ተገልብጣለች ብዬ እንድፈርም ስለተጠየቅሁበት ጉዳይ

አዳማ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ጋሮምሳ
የምሥራቅ በር የተሽከርካሪ መዝገብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
በሚገኙበት ስብሰባ ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

አካም ጅርቱ? ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ልጆችዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወገብዎ እንዴት ነው? ስለ ወገብዎ የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ካለፈው ነሐሴ ጀምሮ አሥራ አራት ጊዜ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ስመጣ አሥራ አራቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሰው ይህን ያህል ሲቀመጥ ወገቡ እንደሚጎዳ ከአንድ የጤና መጽሐፍ ስላነበብኩ፣ ከራሴ ጉዳይ ይልቅ የእርስዎ አቀማመጥ ያሳስበኝ ጀምሯል። እግዚአብሔር ከጥሩ ወንበር ጋር እድሜ ይስጥዎ።

ስሜ ፀዳለ ይባላል። ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ጋራዥ የነበረው የሟች የአቶ ነጋሳ ምልኬሳ ባለቤት ነኝ። ደብዳቤዬን በጋዜጣ ላይ በግልጽ የማቀርበው እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ከዚህ በፊት ሁለት ደብዳቤ ጽፌ በር ላይ በተሰቀለው የአስተያየት መስጫ ሳጥን ውስጥ ከትቼ ነበር፤ በቀደም በቀዳዳው አጮልቄ ባይ ሁለቱም እንደተኙ ናቸው፤ ሌላ ሦስተኛ ጓደኛም አላገኙም። ከተማው ይህን ያህል ቅሬታ የሌለው መሆኑን ሳይ ኮራሁ፤ ግን ደብዳቤዎቼ ብቸኝነት እንዳይሰማቸው ብዬ ይህን በሌላ መንገድ ላክሁት።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ልንገራቸው። ነጋሳ አንዲት ቀይ ፊያት ስፓይደር ነበረችው። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ፣ ለመሮጥ እንጂ ሽንኩርት ለመጫን ያልተሠራች መኪና ናት። ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የስኳር ፋብሪካ ባለሙያ እንደ ቁርጥራጭ ብረት ገዝቷት፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲፈታትና ሲገጥማት ኖረ። «ይህቺ የአያንቱ ናት» ይል ነበር። አያንቱ ልጃችን ናት፤ ዛሬ ጣሊያን አገር፣ ቱሪን ከተማ፣ በአንድ የመኪና ቀለም ቤት ትሠራለች። ነጋሳ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። በእነዚህ ዘጠኝ ዓመታት ባትሪዋ እንዳይሞት በየቅዳሜው ጠዋት ሞተሯን ሳስነሳ ቆየሁ፤ በመጨረሻም የውርስ ወረቀቱን ከፍርድ ቤት፣ የመውጫ ፈቃዱን ከጉምሩክ አውጥቼ፣ ባለፈው ግንቦት መኪናይቱ ሞጆ ላይ ኮንቴይነር ገብታ በጅቡቲ በኩል ባሕሩን ተሻገረች።

እዚያ የጣሊያን ሰሌዳ እንድታገኝ የቀራት አንድ ወረቀት ብቻ ነው፦ እዚህ የነበራት ሰሌዳ መሰረዙን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ። ወረቀቱ እስከ ኅዳር ሃያ ካልደረሰ ጊዜያዊ የመቆያ ፈቃዷ ያበቃል። ያኔ ወይ ወደ መጣችበት ትመለሳለች፣ ወይ ትጨፈለቃለች። ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ወደ አገራችን እንዳይገባ ስለተከለከለ መመለሱ ቀርቷል። ስለዚህ የቀረው ወይ የእርስዎ አንድ ገጽ ነው፣ ወይ የጣሊያኖቹ መጨፍለቂያ ማሽን።

ወረቀቱን ከመላኬ በፊት አለማውጣቴ የእኔ ጥፋት ነው፤ አልክድም። የጭነት ወኪሉ «እሱ እኮ የሃያ ደቂቃ ሥራ ነው፣ እትዬ ፀዳለ፤ በኋላ ይደርሳል» ሲለኝ አመንኩት። ያመንኩት ደግሞ በራሳችሁ ግድግዳ ላይ ያነበብኩት ቃል ስለሆነ ነው።

አሁን ለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ግድግዳችሁ ላይ ስለተለጠፈው የዜጎች ቻርተር አመሰግናለሁ። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ነጋሳ ቡሎን በሚጠቀልልባቸው ዘይት የጠጡ ጋዜጦች ላይ ነው። በዚህም የተነሳ የተጻፈ ነገር ሳላነብ ማለፍ አልችልም። ቻርተሩን አሥራ አራት ጊዜ ስላነበብኩት በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ተራ ቁጥር ዘጠኝ «የሰሌዳ ስረዛ፣ የሚወስደው ጊዜ ሃያ ደቂቃ» ይላል። ሃያ ደቂቃው በየትኛው ወር እንደሚጀምር ባይገልጽም፣ ጽሑፉ ባለቀለምና ለዓይን የሚስማማ ነው።

፪ኛ/ ስላሳቃችሁኝ አመሰግናለሁ። መጀመሪያ የመጣሁ ቀን በመስኮቱ የተቀበለችኝ ሉሊት የምትባል ሠራተኛችሁ ናት፤ ትሑት ልጅ ናት፣ እናቷ ትባረክ። ጉዳዬን ሰምታ ስታበቃ፣ «እማዬ፣ መኪና ወደ አገር ይገባል እንጂ ይወጣል እንዴ? ቡና ሲወጣ አውቃለሁ፣ ሰሊጥ ሲወጣ አውቃለሁ፤ ለሚወጣ መኪና ግን ፎርም የለንም» አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፈ አንድ የባጃጅ ሹፌር ቀበል አድርጎ፣ «ማዘር፣ ኮንቴይነሩ ላይ ቦታ ከተረፈ ለባጃጄም ያዢላት፤ እሷም ሮም ማየት አምሯታል» ሲል ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። በዚያ ቀን ከጽሕፈት ቤታችሁ ያገኘሁት የተሟላ አገልግሎት ይኸው ሳቅ ነው።

፫ኛ/ ስለ ጥንቃቄያችሁ አመሰግናለሁ። በስድስተኛው ምልልሴ የሻንሲ ቁጥሯ ካልታየ ምንም ሊደረግ እንደማይችል ተነገረኝ። አያንቱ ቁጥሩን ከነፎቶግራፉ ላከችልኝ። ቴክኒክ ክፍላችሁ ፎቶግራፉን አይቶ ፎቶግራፍ መሆኑን አረጋገጠ፤ መኪናይቱም በአካል ትቅረብ አለ። መግባት የተከለከለችን መኪና ከአገር መውጣቷን እንዲመሰክሩላት ወደ አገር አስገባት ዘንድ መታዘዜን ለጎረቤቴ ለቀመሪያ ብነግራት፣ «አንቺ ፀዳለ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ብቻሽን አትስሚ፤ እኔንም ይዘሽኝ ሂጂ» አለችኝ። ይኸውና ከዚያ ወዲህ አብራኝ ትመጣለች። ስለ ማኅተሙም እግረ መንገዴን ላንሳ፦ ማኅተሙ ከእርስዎ ኪስ እንደማይለይና እርስዎ ስብሰባ ሲገቡ እሱም እንደሚገባ ስሰማ፣ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ እንዲህ የማይለያዩ ሁለት ወዳጆች በመኖራቸው ልቤ ተነካ።

፬ኛ/ ስለ ደግነታችሁ አመሰግናለሁ። ከሁሉም የከበደኝ ይህ ስለሆነ ትንሽ እንድቆይበት ይፍቀዱልኝ።

በአሥረኛው ምልልሴ ሉሊት ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዙራ አሳየችኝ። ከአገር የወጣ ተሽከርካሪ ሰሌዳው እንደሚሰረዝ መመሪያችሁ በግልጽ ይናገራል፤ ቅጂውን አግኝቼ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ፣ አስምሬበታለሁም። ያሰመርኩበትን ሳሳያት፣ «መመሪያው ላይ አለ እማዬ፤ ሲስተሙ ላይ ነው የሌለው» አለች። በሲስተሙ ላይ ሰሌዳ የሚሰረዝባቸው ምክንያቶች ሦስት ብቻ ናቸው፦ መኪናው ተሰርቋል፤ መኪናው ተቃጥሏል፤ መኪናው ተገልብጦ ከጥቅም ውጭ ሆኗል። ከሦስቱ አንዱ ካልተመረጠ ወረቀቱ አይታተምም።

ከዚያ ፋይሌን ስታገላብጥ የነጋሳን የሞት ማስረጃ አገኘች። የሞት ምክንያት በሚለው ቦታ «የመኪና አደጋ» ተብሎ ተጽፏል። ፊቷ በራ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይኸው እኮ እማዬ! ነፍሳቸውን ይማርና ጋሼ በአደጋ ነው ያለፉት። እንግዲያውስ ‹ተገልብጦ› የሚለውን እንምረጥና ከታች ይፈርሙ፤ ኃላፊው ከስብሰባ ለምሳ ሲወጡ ማኅተሙን አስደርግልዎታለሁ» ብላ እስክሪብቶ አቀበለችኝ። ቀመሪያ ከጎኔ ሆና፣ «ሞታለች ካሉማ ለእድሩ እንናገርና ድንኳን ይተከልላት» አለችኝ፤ የምስቅ መስሏት ነው።

እኔ ግን እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። እርስዎም ይህን በሰሙ ጊዜ፣ «ሴትዮዋ ግትር ናት፤ ልንረዳት ብንል እምቢ አለች» ማለትዎን ሰምቻለሁ። ልክ ነዎት። ሉሊትን አይቆጧት እንጂ የግትርነቴን ምክንያት ላስረዳዎ፤ እስካሁን ከልጄ በቀር ለማንም ያልተናገርኩት ስለሆነ ቢረዝም ይታገሡኝ።

ነጋሳ የሞተው በዚህች መኪና አይደለም። ሊሞት ሰሞን እድራችን ለቅሶ ተቀምጦ ሳለ፣ ነጋሳ ጣሪያዋን አጥፎ፣ ጭስ ማውጫዋን እያስጓራ በድንኳኑ ፊት አለፈ። ለቅሶ መኖሩን አላወቀም ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «የፀዳለ ባል ጎረመሰ እኮ!» እያሉ ሳቁ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት መቂ ወርዶ የአንድ ገበሬ የውኃ ፓምፕ ሊጠግን ተነሳና፣ «ዛሬ በስፓይደሯ ነው የምሄደው፤ መንገዱ ለእሷ የተሠራ ነው» አለ። ሲታጠብ ቁልፉን ከኮቱ ኪስ አውጥቼ ዱቄት እቃ ውስጥ ደበቅሁት። ለሕይወቱ ፈርቼ ነው እንዳልል፣ ፈርቼ አልነበረም። አፍሬ ነው። ሰው እንዳይስቅብኝ ነው።

ግማሽ ሰዓት ያህል ፈለገው። «አላየሽውም?» አለኝ። «አላየሁም» አልኩት። በመጨረሻ ራሱን እየነቀነቀ፣ «በቃ አረጀሁ ማለት ነው ፀዳልዬ፤ የራሴን ቁልፍ የት እንደጣልኩት ጠፋብኝ» ብሎ ሳቀና የመቂ ሚኒባስ ተሳፈረ። ሚኒባሱ ከቆቃ አለፍ ብሎ ተገለበጠ።

ክቡር ሆይ፣ እንግዲህ ይመልከቱት። የእናንተ ሲስተም የሰጠኝ ምርጫ ያችን መኪና ተገልብጣ ባለቤቷን የገደለች ያደርጋታል። በራሴ እጅ ፈርሜ፣ በክብ ማኅተም አስጸድቄ፣ ጥፋቱን ከእኔ ላይ አንሥቼ ጋራዥ ውስጥ ንቅንቅ ሳትል በቆመች መኪና ላይ ልጭነው ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስጸልይበት ያላገኘሁትን ነጻ መውጣት ጽሕፈት ቤትዎ በአንድ ፊርማ ሲያቀርብልኝ እንዴት አላመሰግንም? ከመሥሪያ ቤትም አልፋችሁ ኑዛዜ ተቀባይ መሆናችሁን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ግን ስለዚያች መኪና አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ፤ ሁለተኛ አልዋሽም።

አያንቱ ይህን አታውቅም ነበር። በስልክ፣ «እማ፣ በቃ ፈርሚላቸው! እዚህ ቀኑንና ማኅተሙን ነው የሚያዩት፤ ምክንያቱን ማን ያነበዋል? ወረቀት አይደል እንዴ?» አለችኝ። አልፈርምም አልኳት። ተናደደች። «ለአባዬ መኪና ይህን ማድረግ ያቅትሻል? ሊጨፈልቋት እኮ ነው!» አለችኝ። ልጄ «እናቴ በአባቴ መኪና ጨከነች» ከምትል ብዬ የዱቄት እቃውን ነገር ነገርኳት። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ሁለት ሳምንት አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም፤ በምን አፌ?

በአሥራ አምስተኛው ቀን ከሥራ ቦታዋ ደወለች፤ ከኋላዋ የቀለም መርጫው ይጮሃል። ሰላምታ አልሰጠችኝም። «አትፈርሚ» አለችኝ። «ብትጨፈለቅም ትጨፈለቅ። እሷ አልገደለችውም።» ቀጥላም፣ «አንቺም ብትሆኚ...» ብላ ዘጋችው። የቀረውን እስካሁን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

፭ኛ/ ይህ ምስጋና ሳይሆን ልመና ነው። በሲስተማችሁ ላይ አራተኛ ምክንያት እንዲጨመርልኝ እለምናለሁ። ቃላቱን ለመፈለግ ኮሚቴ እንዳይቋቋም በማሰብ እኔው አዘጋጅቼዋለሁ፦ «ተሽከርካሪው በደህና ከአገር ወጥቷል።» ሲስተሙ አልቀበልም ካለ በእስክሪብቶ ይጻፍ፤ ማኅተም በእጅ ጽሑፍ ላይም እንደሚያርፍ ከጥንት ደብዳቤዎች አይቻለሁ። ይህንኑ ጽፌ፣ ስሜንና ቀኑን አስፍሬ ፈርሜ፣ ባለፈው ሰኞ ለመዝገብ ቤታችሁ አስገብቻለሁ፤ የገቢ ቁጥርም ተሰጥቶኛል። ሉሊት ተቀብላ ስታነበው ቀና ብላ አየችኝና ወረቀቱን ከክምሩ በላይ አስቀመጠችው። በጽሕፈት ቤታችሁ ውስጥ ከክምር በላይ የተቀመጠ ወረቀት ስመለከት የመጀመሪያዬ ነው።

እስከ ኅዳር ሃያ ሃያ ሦስት ቀን ይቀራል። በሃያ ሦስት ቀን ውስጥ ስንት ሃያ ደቂቃ እንዳለ ማስላት ጀምሬ ነበር፤ እርስዎን እንዳላሳፍር ብዬ ተውኩት። ቀኑ አልፎ መኪናይቱ ብትጨፈለቅ ግን አይጨነቁ። ያን ጊዜ «ከጥቅም ውጭ ሆናለች» የሚለው እውነት ይሆናልና፣ መጥቼ ያለ አንዳች ቅሬታ እፈርምላችኋለሁ፤ ከጥቅም ውጭ ያደረጋት ማን እንደሆነ የሚጻፍበት ቦታ ብቻ እንዲዘጋጅልኝ።

ከስብሰባ ወደ ስብሰባ በሰላም ያሸጋግርዎ፤ ውሎ አበልዎ አይቋረጥ፤ ወንበርዎ ይለስልስ፤ ሰልፋችን በመስኮትዎ በኩል ሲያዩት ያማረ ይሁንልዎ እያልኩ፣ በአሥራ አራት ቀን ምልልስ ያፈራሁትን አክብሮት ሁሉ አሟጥጬ የማቀርበው፣

የሟች የአቶ ነጋሳ ምልኬሳ ባለቤት፣ የአያንቱ እናት፣
የምሥራቅ በር የተሽከርካሪ መዝገብ ጽሕፈት ቤት ቋሚ ጎብኚ፣

ፀዳለ ወልዴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ወደ ጋዜጣው ልልክ ስል የጽሕፈት ቤትዎ መልእክተኛ መጥሪያ ይዞልኝ መጣ። ለእኔ አልነበረም። «ለአቶ ነጋሳ ምልኬሳ፤ ቀይ ፊያት ስፓይደር ተሽከርካሪዎ ዓመታዊ ምርመራ ያላደረገ ስለሆነ፣ ተሽከርካሪውን ይዘው በአሥር ቀን ውስጥ በአካል እንዲቀርቡ፤ ባይቀርቡ ግን በሌሉበት እርምጃ የሚወሰድ መሆኑን እንገልጻለን» ይላል። ከሥሩ ክብ፣ ሰማያዊ፣ ደማቅ ማኅተም አለበት፤ ሰውን ከሞት ለማስነሳት የማያመነታ ማኅተም ለአንድ ገጽ ስረዛ ለምን እንደሚደክም ግን አልገባኝም። መጥሪያውን ስለ እርሱ ፈርሜ ተቀብያለሁ። ነጋሳ ቀጠሮ የሚያከብር ሰው ነበርና፣ በአሥሩ ቀን ውስጥ ከመጣልዎ አደራዎን፣ «ነገ ተመለስ» ብለው እንዳይሸኙት፤ አስቀምጡትና ሰው ልካችሁ አስጠሩኝ። በእግሬም ቢሆን ሮጬ እመጣለሁ። የምነግረው አለኝ።